በአገራችን ስለ ተሠሩ አይሮፕላኖች የሚጻፈው ጽሑፍና የልደታ አየር

በዚህ ጽሑፍ የምንመረምረው አይሮፕላንን ሳይሆን ስለ አይሮፕላን የሚጻፈውን ጽሑፍ ነው። በአገራችን በጥቂት ሰዎች እጅ፣ ከወረቀት ንድፍ ወይም ተዘጋጅተው ከመጡ ክፍሎች ተገጣጥመው ስለ ተሠሩ ቀላል አይሮፕላኖች በጋዜጣና በሬዲዮ፣ ኋላም በቴሌቪዥን ብዙ ተብሏል። ከተባለው ውስጥ ግን አንዱ አይሮፕላን ባዶውን ስንት ኪሎ እንደሚመዝን፣ ከመሬት ለመነሣት ስንት ሜትር መንደርደር እንደሚያስፈልገው፣ የክብደቱ ማዕከል በየትኛው ቦታ ላይ እንደሚያርፍ የሚነግረን አንድ ዓረፍተ ነገር ፈልጎ ማግኘት ጭንቅ ነው። የሠሪው ሕልምና የደረሰበት እንቢታ በሰፊው ይተረካል። አይሮፕላኑ ግን በታሪኩ ውስጥ እንደ ሠርግ በቅሎ አጊጦ ያልፋል እንጂ ጥርሱን ገልጦ ዕድሜውን የሚያይ የለም።

ይህ ጉድለት የአጻጻፍ ጉድለት ብቻ ቢሆን ኖሮ ለምርምር መጽሔት የሚበቃ ጉዳይ ባልሆነ ነበር። ዳሩ ግን እንዲህ ያለውን ጽሑፍ አንብቦ በጓሮው እንጨት መላግ የሚጀምር ወጣት አለ፤ ወደ ፊትም ይኖራል። ይህ ወጣት ከጽሑፉ የሚማረው ጽናት ካለ አይሮፕላን ይነሣል የሚለውን ነው። አይሮፕላን በጽናት እንደማይነሣ ደግሞ ልደታ ከማንም ይልቅ ያውቃል።

ልደታ ስንል የቀድሞውን የአይሮፕላን ሜዳ ማለታችን ነው። ዛሬ ሰፈሩን ሕዝቡ ኦልድ ኤርፖርት ብሎ ሲጠራ ብዙው ሰው የስሙን ምክንያት ሳያስብ ያልፈዋል። ታኅሣሥ 12 ቀን 1938 ዓ.ም. የተቋቋመው የኢትዮጵያ አየር መንገድ መጋቢት 30 ቀን በዚያው ዓመት በአሥመራ በኩል ወደ ካይሮ የመጀመሪያውን መደበኛ በረራ ሲያደርግ የአዲስ አበባ በሩ ይህ ሜዳ ነበር። ለአሥራ ስድስት ዓመት ያህልም እንዲሁ ቆየ። የጄት ዘመን ሲመጣ ግን የሜዳው ከፍታና የመንደርደሪያው ማጠር አብረው አላስኬድ ስላሉ ቦሌ ተሠራ፤ በ1955 ዓ.ም. ቦይንግ 720 የተባሉት ጄቶች ሥራ የጀመሩት ከቦሌ ነው። እንግዲህ አንድ ትልቅ ድርጅት፣ የሠለጠኑ አብራሪዎችና መካኒኮች እያሉት፣ ሜዳውን እንዲለቅ ያደረገው ነገር አየሩ መሆኑን ልብ እንበል።

ነገሩን በቁጥር እንየው። ልደታ ከባሕር ወለል በላይ 2,350 ሜትር ያህል ከፍ ይላል። በዚህ ከፍታ የአየሩ ግፊት በባሕር ጠረፍ ካለው ሦስት አራተኛው ነው። የቀኑ ሙቀት 20 ዲግሪ ሲሆን የአየሩ እፍግታ፣ ማለት በአንድ ሜትር ኩብ ውስጥ የሚገኘው የአየር ክብደት፣ በባሕር ወለል መደበኛ ተብሎ ከተወሰነው 74 በመቶ ያህል ብቻ ይሆናል። ሞተር የሚበላው ቤንዚን ብቻ ሳይሆን አየርም ስለሆነ አየሩ በሳሳ መጠን ጉልበቱ ይቀንሳል፤ በባሕር ጠረፍ 40 የፈረስ ጉልበት የነበረው ሞተር ልደታ ላይ የሚሰጠው 28 ያህል ነው። ይህ የመጀመሪያው ኪሳራ ነው። ሁለተኛው በክንፉ በኩል ይመጣል። ክንፍ በሳሳ አየር ውስጥ ያንኑ ክብደት ለማንሣት የበለጠ ፍጥነት ያስፈልገዋል፤ በባሕር ጠረፍ በሰዓት 60 ኪሎ ሜትር ሲሮጥ የሚነሣ አይሮፕላን እዚህ 70 መሮጥ አለበት። በዚህ ላይ የፍጥነት መለኪያው የሚለካው የነፋሱን ግፊት በመሆኑ 70 ሲሮጥም 60 ብሎ ያሳያል። አዲስ አብራሪ መሬቱ ከወትሮው ይልቅ ፈጥኖ ሲያልፍ አይቶ አሁንስ በቃ፣ መነሣት አለብኝ ብሎ መሪውን የሚስብበት ጊዜ አለ፤ ከሜዳው ጫፍ ካለው ባሕር ዛፍ ጋር የሚያገናኘውም ይኸው ነው።

ሁለቱ ኪሳራዎች ተባዝተው እንጂ ተደምረው አይመጡም። በአየር ላይ ተረጋግቶ ለመጓዝ የሚያስፈልገው ጉልበት በ16 በመቶ ጨምሮ ሳለ ሞተሩ የሚሰጠው በ30 በመቶ ቀንሷል። ሒሳቡን ስንጨርሰው በልደታ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው ሞተር በባሕር ጠረፍ 24 እንዳለው ሞተር ሆኖ ይሠራል። የመንደርደሪያውም ርዝመት በዚሁ ስሌት ከሁለት እጥፍ ያልፋል፤ 200 ሜትር ይበቃው የነበረ አይሮፕላን 450 ሜትር ያህል ይጠይቃል። ሣሩ ረዥም፣ መሬቱም ጭቃ ከሆነ ከዚህም ይብሳል።

ታዲያ ዳግላስ የተባሉት የአየር መንገዱ የመጀመሪያ አይሮፕላኖች በልደታ እንዴት ሠሩ የሚል ይኖራል። ሞተሮቻቸው እያንዳንዳቸው 1,200 የፈረስ ጉልበት የነበራቸው ከመሆናቸውም በላይ በውስጣቸው እንደ ቀጥቃጭ ወናፍ አየር የሚያምቅ መሣሪያ ነበራቸው። በዚህ ወናፍ ምክንያት ከ2,000 ሜትር በላይም ጉልበታቸው ብዙ አይጎድልም ነበር። የአሮጌ መኪና ሞተር ግን ወናፍ የለውም። በአገራችን ስለ ተሠራ አይሮፕላን የጻፈ ሰው ይህን አንድ ጥያቄ፣ ሞተሩ ወናፍ አለው ወይስ የለውም ብሎ ቢጠይቅ ኖሮ ግማሹ ጽሑፍ በሌላ መልክ በተጻፈ ነበር።

አሁን ወደ ጽሑፎቹ እንመለስ። ከሁሉ ይልቅ የተወራለት «ፀሐይ» ወይም «ኢትዮጵያ 1» የተባለው አይሮፕላን ነው። ጀርመናዊው ኢንጂነርና አብራሪ ሉድቪግ ቬበር ከኢትዮጵያውያን ሠራተኞች ጋር ሆኖ ሠርቶት በታኅሣሥ 1928 ዓ.ም.፣ ጦርነቱ ተጀምሮ ሳለ፣ በረረ። ስሙ በልዕልት ፀሐይ ስም ተሰየመ። ንድፉ ሜይንድል ቫን ኔስ ከተባለው ከአውሮፓ ንድፍ የተወሰደ፣ ሞተሩም ዋልተር ቬኑስ የተባለ የቼኮስሎቫኪያ ሥራ፣ ባለ ሰባት ሲሊንደርና 115 የፈረስ ጉልበት ያለው ነበር። ኢጣልያኖች አዲስ አበባን ሲይዙ ማረኩት፤ ወደ አገራቸው ወስደውም ኋላ በቪኛ ዲ ቫሌ በሚገኘው የአየር ኃይላቸው ቤተ መዘክር አኖሩት። ጥር 21 ቀን 2016 ዓ.ም. በሮም ለኢትዮጵያ መንግሥት ተረክቦ ወደ አገሩ ተመለሰ።

ሲመለስ የተጻፈውን ያነበበ ሰው ሁለት ወገኖችን ያገኛል። አንደኛው ወገን አይሮፕላኑ ፍጹም የኢትዮጵያ ሥራ ነው ይላል፤ ሁለተኛው ደግሞ ሠሪው ጀርመናዊ፣ ሞተሩ ቼካዊ፣ ንድፉ የሌላ ነውና ምኑ የእኛ ነው ብሎ ያቃልለዋል። በእኛ አስተያየት ሁለቱም የተሳሳቱት በአንድ ነገር ነው፤ አይሮፕላን መሥራት ምን ማለት እንደሆነ አልጠየቁም። በዓለም ላይ በገዛ እጃቸው አይሮፕላን የሚሠሩ ሰዎች አብዛኛውን ጊዜ ንድፉን አይነድፉም፤ ሞተሩንም አያቀልጡም። ንድፍ ይገዛሉ፤ ወይም የተቈራረጡ ክፍሎች በሳጥን ተልከውላቸው ይገጥማሉ። በአሜሪካ ደንብ አንድ አይሮፕላን በአማተር የተሠራ ለመባል የሚጠየቀው ከሥራው የሚበልጠውን እጅ ሠሪው ራሱ ለትምህርት ወይም ለመዝናኛ ሲል መሥራቱ ነው። ሞተሩ የማን ነው ተብሎ አይጠየቅም። «ፀሐይ» የመንግሥት ሥራ ስለ ነበር ይህ ደንብ በቀጥታ አይመለከተውም፤ መለኪያውን ግን ብንዋሰው ክርክሩ ወዲያው ይጠራል። የክንፉን ወጋግራ ማን ላገው? የጎን አጥንቶቹን ማን በኮላ አጣበቀ? ሸራውን ማን ሰፋ? ይህ በአዲስ አበባ ተሠርቶ ከሆነ አይሮፕላኑ በአዲስ አበባ ተሠራ ማለት በቂ ነው፤ የቬበርንም ድርሻ መካድ አያስፈልግም።

ከዚህ የሚከተለው ግን ለሁለቱም ወገኖች የማይመች ጥያቄ ነው። በጽሑፎቹ ሁሉ የቬበር ስም አለ፤ የልዕልቲቱም ስም አለ። የአናጢዎቹ ስም የለም። «ከኢትዮጵያውያን ጋር» በሚል አንድ ሐረግ ታልፈዋል። ሥራው የእኛ ነው ብሎ የሚከራከር ጸሐፊ የእኛ የሆኑትን ሰዎች ስም ለመፈለግ ያልደከመበት ምክንያት ሊገባን አልቻለም።

ሌላም አለ። አይሮፕላኑ አሁን በእጃችን ነው። የክንፉን ርዝመት በሜትር መለካት፣ የጎን አጥንቶቹን መቍጠር፣ የወጋግራውን ውፍረት መመዝገብ፣ የእንጨቱን ዓይነት መለየት፣ በእነዚህም የተሟላ ንድፍ መሣል ይቻላል። ከሞተሩ 115 የፈረስ ጉልበት ውስጥ በከተማችን ከፍታ 80 ያህሉ እንደሚቀረው አስልተናል፤ በምን ክብደት እንደ ተነሣ ግን ሳይመዘን አይታወቅም። ስለ መመለሱ ከተጻፈው ብዛት አንጻር በአንድ የመለኪያ ገመድ የሚሠራ የሁለት ቀን ሥራ ይበልጥ ያስተምረን ነበር።

ወደ ሁለተኛው ጉዳይ ከማለፋችን በፊት፣ ይህ ሰውን ብቻ የመተረክ ልማድ አሮጌ መሆኑን እናስታውስ። በ1923 ዓ.ም. ከንግሥ በዓሉ ጥቂት ቀደም ብሎ ኸበርት ጁልየን የተባለው የትሪኒዳድ ተወላጅ ጥቁር አብራሪ የንጉሡን ጂፕሲ ሞት አይሮፕላን አስነሥቶ በባሕር ዛፍ ላይ ከሰከሰው። ታሪኩ እስከ ዛሬ የሚነገረው የሰውዬውን ጉራ ለማሳቅ ነው። ጉረኛ ነበረ እንበል። ነገር ግን ለእንግሊዝ አገር ዝቅተኛ መስክ የተሠራ ቀላል አይሮፕላን በአዲስ አበባ ከፍታ ምን ያህል ጉልበት ይቀረዋል ብሎ የጠየቀ ተራኪ አላጋጠመንም። ጉራ ባይኖርበትም ዛፉ በቦታው ነበረ።

ሁለተኛው ጉዳይ በ2007 ዓ.ም. በአገር ውስጥም በውጭ አገር ቴሌቪዥንም ብዙ የተነገረለት የአስመላሽ ዘፈሩ አይሮፕላን ነው። ይህ ሰው የሕዝብ ጤና የተማረ ሲሆን አብራሪ ለመሆን ፈልጎ ቁመቱ ከሚፈለገው በአንድ ሴንቲ ሜትር ስላነሰ ሳይቀበሉት ቀሩ። ከዚያ በኋላ ከመጻሕፍትና ከተንቀሳቃሽ ሥዕሎች እየተማረ በሰንዳፋ አንድ ሰው የሚይዝ የእንጨት አይሮፕላን ሠራ፤ ሞተሩ 40 የፈረስ ጉልበት ያለው የአሮጌ ቮልስዋገን ሞተር ነው። ስሙን ኬ-570ኤ አለው፤ ኬ የእናቱ ስም መነሻ ነው፤ 570 ደግሞ ሥራው የፈጀበት ቀን ነው። የመጀመሪያው ሙከራ በፕሮፔለሩ በኩል በደረሰ ብልሽት ሳይሳካ ቀረ።

ለሰውዬው ያለን አክብሮት ሙሉ መሆኑን አስቀድመን እንናገራለን። 570 ቀን በአንድ ሥራ ላይ መቆየት ለብዙዎቻችን፣ የመመረቂያ ጽሑፋችንን በአሥራ አምስት ቀን ለምንጨርሰው፣ የሚያሳፍር ነው። ትችታችን በጻፉለት ላይ ነው። አብዛኞቹ ታሪኩን የሰቀሉት በአንዲቱ ሴንቲ ሜትር ላይ ነው። ሴንቲ ሜትሯ ለእንባ ትመቻለች፤ ስለ አይሮፕላኑ ግን ምንም አትነግረንም። ሌሎች ደግሞ በመኪና ሞተር መብረር እንዴት ይቻላል ብለው ተደነቁ፤ አንዳንዱም አላገጠ። ይህ ያለማወቅ ነው። በፈረንሳይ አገር በ1948 (እ.ኤ.አ.) መጀመሪያ የበረረው ዦዴል ዲ-9 የተባለው ባለ አንድ መቀመጫ የእንጨት አይሮፕላን ኋላ በብዙ ሰዎች ጓሮ የተሠራው በቮልስዋገን ሞተር ነው፤ ድሩዊን ተርቢውለንት የተባለውም እንዲሁ። የቮልስዋገን ሞተር በነፋስ የሚበርድ፣ ቀላልና ርካሽ በመሆኑ የቤት ሠሪዎች ከሰባ ዓመት በላይ ሲጠቀሙበት ኖረዋል። እንግዲህ አስመላሽ በዚህ ረገድ የያዘው መንገድ የተረገጠ መንገድ እንጂ እብደት አልነበረም። ጸሐፊዎቹ ይህን ቢያውቁ ኖሮ ከድንቅ ነገር ፈላጊ ይልቅ ከአንድ ትልቅ ማኅበር ጋር ያስተዋውቁት ነበር።

መጠየቅ የነበረበት ጥያቄ ይህ ነው። ሰንዳፋ 2,500 ሜትር ገደማ ነውና ከልደታም ከፍ ይላል። ከላይ ባደረግነው ስሌት 40 የነበረው የፈረስ ጉልበት ወደ 24 ወርዷል። በ24 ይበረራል? መልሱ አዎን ነው፤ የመጀመሪያው ዦዴል ዲ-9 የበረረው በ25 ነበርና። ነገር ግን ዦዴሉ ባዶው ክብደት ከ200 ኪሎ በታች ነበር። እንግዲህ የኬ-570ኤ ዕድል ሁሉ የተንጠለጠለው በአንድ ቁጥር ላይ ነው፤ ይኸውም ክብደቱ ነው። ከ200 ኪሎ በታች ከሆነ በረዥም ሜዳ ላይ በቀዝቃዛ ማለዳ ተስፋ አለው። ከ300 ካለፈ ሠሪው የፈለገውን ያህል ቢጸና ከመሬት አንድ ክንድ ተነሥቶ ከዚያ ወዲያ ላይወጣ ይችላል፤ ይህ ደግሞ ፈጽሞ ካለመነሣት የከፋ ነው፤ ምክንያቱም ክንፉ ወደ መሬት ሲቀርብ ለጊዜው የሚያገኘው እርዳታ አብራሪውን አታሎ ከሜዳው ጫፍ ድረስ ይወስደዋልና። ያነበብናቸው ጽሑፎች የሠሪውን ቁመት እስከ ሴንቲ ሜትሩ ነግረውን የአይሮፕላኑን ክብደት አልነገሩንም።

የሙከራውም አዘጋገብ እንዲሁ ነው። ፕሮፔለሩ በመሬት ላይ መበላሸቱ ሕልም ከሸፈ ተብሎ ተነገረ። አይሮፕላን በሚሠሩ ሰዎች ዘንድ ግን በመሬት ላይ የሚገለጥ ብልሽት እንደ መልካም ዕድል ይቈጠራል። ሞተሩን አስሮ ለሰዓታት ማስጮህ፣ ከዚያ በዝግታ በሜዳው ላይ መንዳት፣ ከዚያ ጅራቱን ከፍ አድርጎ መሮጥና ማቆም፣ ይህ ሁሉ የሚደረገው እንዲህ ያለው ነገር በመሬት ላይ እንዲሰበር ነው። በአሜሪካ አንድ አዲስ የቤት አይሮፕላን በአብዛኛው እስከ 40 ሰዓት ድረስ በተወሰነ ክልል ውስጥ ብቻ፣ መንገደኛ ሳይጭን እንዲበር ይገደዳል። «በረረ» ወይም «አልበረረም» የሚለው የጋዜጣ ርእስ እነዚህን ሰዓታት በአንድ ቀን ይጨፈልቃቸዋል።

ወረቀትና ስሌት ከጀግንነት ታሪክ በታች ሲሆን ምን እንደሚደርስ ለማየት «ፀሐይ» በበረረበት ዘመን በአውሮፓ የሆነውን ማስታወስ ይበቃል። አንሪ ሚኜ የተባለ ፈረንሳዊ ማንም ሰው በቤቱ ሊሠራው የሚችል ትንሽ አይሮፕላን ነድፎ በ1933 (እ.ኤ.አ.) አበረረ፤ በሚቀጥለውም ዓመት አሠራሩን በመጽሐፍ አወጣ። ስሙን የሰማይ ቅማል አለው፤ እንግሊዞች ግን ቅማሉን ጠልተው ነው መሰለኝ ቁንጫ ብለው ተረጐሙት። መጽሐፉ አንባቢን የሚያሰክር ነበር፤ ሣጥን መቸንከር የሚችል ሰው አይሮፕላን መሥራት ይችላል የሚል መንፈስ ነበረው። በብዙ አገር ብዙ ሰው ሠራው። ከዚያም ሰው መሞት ጀመረ። አፍንጫው ወደ ታች ከተወሰነ መጠን በላይ ሲያዘነብል አይሮፕላኑ መሪው ቢሳብም ቀና አልል ይል ነበር። ምክንያቱ የተገኘው በጋዜጣ ክርክር አይደለም፤ በእንግሊዝ በፋርንቦሮ፣ በፈረንሳይም በሻሌ ሙዶን አይሮፕላኑን እንዳለ ነፋስ በሚነፍስበት የመመርመሪያ ዋሻ ውስጥ ሰቅለው በ1936 (እ.ኤ.አ.) ከመረመሩት በኋላ ነው። ፊትና ኋላ የተደረደሩት ሁለቱ ክንፎች አንዱ የሌላውን አየር እያወኩ ነበር። የሚኜ ጽናትም ሆነ የአንባቢዎቹ ድፍረት ይህን ሊገልጥ አይችልም ነበር።

ሦስተኛው ጉዳይ ማንም የማይጽፍለት ነው፤ ለእኛ ግን ከሁሉ የሚበልጥ ትምህርት ያለው በእርሱ ላይ ነው። በ1979 ዓ.ም. የኢትዮጵያ አየር መንገድ ከአሜሪካው ሽዋይዘር ኩባንያ ፈቃድና ክፍሎች አግኝቶ አግ-ካት የተባለውን የእርሻ መድኃኒት የሚረጭ ባለ ሁለት ድርብ ክንፍ አይሮፕላን በአዲስ አበባ መገጣጠም ጀመረ፤ ስሙንም «እሸት» አለው። ተዘጋጅተው ከመጡ ክፍሎች የሚገጠም ቀላል አይሮፕላን በአገራችን ተሠራ ከተባለ ከ«እሸት» የቀረበ ምሳሌ የለም። ክፍሉ በቁጥሩ ይመዘገባል፤ ቀዳዳው በልክ ይበሳል፤ አንዱ የሠራውን ሌላው መርምሮ ይፈርማል፤ ከዚያ በኋላ ይበራል። በዚህ ውስጥ እንቢ የተባለ ወጣት የለም፤ የተማረከ ንብረትም የለም። ለዚህም ይሆናል የተረሳው። «ፀሐይ» ስትመለስ ከተጻፉት ውስጥ «እሸት»ን አስታውሶ ሁለቱን ያነጻጸረ ጽሑፍ አላየንም፤ በተማሪዎች መካከል ጠይቀን ስሙን የሰማ ያገኘነው አንድ ብቻ ነው፤ እርሱም አባቱ መካኒክ ስለ ነበሩ ነው።

የሚፈርመው ሁለተኛው ሰው፣ በእኛ አስተያየት፣ በታሪኮቻችን ውስጥ የጎደለው ሰው እርሱ ነው። በእንግሊዝ አገር የቤት አይሮፕላን የሚሠራ ሰው የክንፉን እንጨት ሁሉ አጣብቆ ሲጨርስ በሸራ ከመሸፈኑ በፊት ቆሞ ይጠብቃል፤ የማኅበሩ ተቈጣጣሪ መጥቶ ኮላውን፣ ብሎኑን፣ የእንጨቱን ስንጥቅ አይቶ ካልፈረመ ሸራው አይለብስም። ሸራ ከለበሰ በኋላ የሚታይ ነገር የለምና። ከዚያም አይሮፕላኑ በሦስቱ ጎማዎቹ ሥር ሦስት ሚዛን ተደርጎ ይመዘናል፤ ከሦስቱ ቁጥሮች የክብደቱ ማዕከል ይሰላል፤ ብዙውን ጊዜም ከክንፉ የፊት ጠርዝ ወደ ኋላ በወርዱ ሩብ ገደማ እንዲያርፍ ይፈለጋል። ወደ ኋላ ከሸሸ አፍንጫው ወደ ላይ ይነሣና መመለሻ ያጣል። ይህ ሁሉ ሦስት የእህል ሚዛን፣ አንድ ቱንቢና አንድ እርሳስ ይበቃዋል። ሥራው የዩኒቨርሲቲ ዕውቀት አያስፈልገውም፤ ሠሪው ያልሆነ ሌላ ዓይን ግን ያስፈልገዋል።

ይህ ጥንቃቄ ለጀማሪ ብቻ ነው የሚል ካለ፣ በዓለም ከሁሉ ብዙ የቤት አይሮፕላን ክፍሎችን የሸጠው የአሜሪካው ቫንስ ኩባንያ በ2023 (እ.ኤ.አ.) የደረሰበትን ይመልከት። ከ11,000 በላይ አይሮፕላኖች ከእርሱ ክፍሎች ተሠርተው በረዋል። ሆኖም በሌዘር የተበሱ ቀዳዳዎች ጠርዛቸው ስንጥቅ ሊያወጣ እንደሚችል በታወቀ ጊዜ ለገዢዎቹ አስታወቀ፤ ብዙ ክፍልም መተካት ግድ ሆነበት፤ በዚያው ዓመት መጨረሻ ከዕዳው የተነሣ የፍርድ ቤት ከለላ እስከ መጠየቅ ደረሰ። የቀዳዳ ጠርዝ ይህን ያህል ያስከፍላል።

ጋዜጣ የኢንጂነር መጽሔት አይደለም፤ ሕዝብ ሰውን እንጂ ኪሎ ማንበብ አይወድም የሚል መቃወሚያ እንደሚመጣብን እናውቃለን። ነገር ግን ይኸው ሕዝብ አበበ ቢቂላ በሮም ማራቶኑን በ2 ሰዓት ከ15 ደቂቃ ከ16 ሰከንድ መጨረሱን በቃሉ ያውቃል። በባዶ እግሩ መሮጡንም ያውቃል፤ የባዶ እግሩ ታሪክ ሰከንዶቹን አላስረሳውም። የስፖርት ጸሐፊዎቻችን ቁጥር የሌለበት ሩጫ ሩጫ እንዳልሆነ ስለሚያውቁ ሕዝቡን አስለመዱት። ከፍታ ለሯጭ ምን እንደሚሠራም ጽፈው አይደክሙም። ያው ከፍታ ለሞተር ምን እንደሚሠራ ለመጻፍ አንድ አንቀጽ ይበቃ ነበር።

ከላይ ያስቀመጥነው ስሌት ወናፍ ለሌለው ሞተር የተለመደውን ቀመር በመከተል የተሠራ ነው፤ የፕሮፔለሩን ብቃት ለውጥ አልቈጠርንበትም፤ ስለዚህ በፊዚክስ ክፍል ያሉ ጓደኞቻችን ቢያርሙት ደስ ይለናል። ሙቀቱንም 20 ዲግሪ አድርገን ነው። በጥር ወር ማለዳ፣ ልደታ ላይ ሙቀቱ 8 ዲግሪ በሆነ ሰዓት ብናሰላው፣ ያው ባለ 40 ሞተር የባሕር ጠረፍ 26 ያህል ሆኖ ይሠራል፤ ፀሐይ እስክትሞቅ ከሚጠብቀው ሰው ይልቅ በማለዳ የሚነሣው ሁለት የፈረስ ጉልበት ያተርፋል።